ጎርፍ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው የቃሉ ገበሬዎች የሰበሰብነውን ገንዘብ በምን መልክ ብናደርስላቸው ይሻላል?

የቦርከና ዳር ልጅ (ጠያቂ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የወሎ ወንድሞቼና እኅቶቼ።

የምኖረው አዲስ አበባ ቢሆንም ተወልጄ ያደግሁት በቃሉ ወረዳ፣ ከሐርቡ ከተማ ብዙ በማይርቅ የቦርከና ዳር መንደር ነው። በዚህ ክረምት፣ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተጠራቅሞ የወረደው ውሃ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከወንዙ ገንፍሎ መንደራችን ገባ። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ መጀመሪያ የተሰማው የውሾች ጩኸት ነበር፤ ከዚያም ጎረቤት ጎረቤቱን እየቀሰቀሰ፣ ሕፃናቱን በትከሻ፣ አቅመ ደካሞችን በቃሬዛ ይዞ ትምህርት ቤቱ ካለበት ኮረብታ ለመውጣት ያገኘው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና የሰው ሕይወት አልጠፋም። ነገር ግን የ41 አባወራ ቤት ፈርሷል፤ በጎተራ የነበረው እህል ከፊሉ በውሃ ተወስዷል፣ ከፊሉም ረጥቦ በቅሏል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲኮተኮት የቆየውን ማሽላ ደለል ውጦታል፤ በጎችና ፍየሎች፣ ጥቂት የእርሻ በሬዎችም አልቀዋል።

ቤተሰቦቹ አሁን የተጠለሉት በትምህርት ቤቱ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ክፍሎቹ ደግሞ መስከረም ላይ ለተማሪ መለቀቃቸው አይቀርም። ከአንድ ረጂ ተቋም የተላከው እህል የደረሰው ጎርፉ ከመጣ ከ18 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከ41ዱ ውስጥ ስማቸው ተጠርቶ የተቀበሉት 29 ብቻ ናቸው። በእነዚያ 18 ቀናት ሕዝቡን ያኖረው የመንደሩ ቅሬ፣ ማለትም በለቅሶ የምንረዳዳበት የመንደር ዕድር ነው። ለለቅሶ የተገዛው ድንኳን መጠለያ ሆነ፣ ለለቅሶ የተገዛው ድስት ንፍሮ ተቀቀለበት፣ ውሃ ያልደረሰባቸው የላይኛው መንደር ሰዎች ተራ ገብተው እንጀራ ጋገሩ።

እኛ አዲስ አበባ ያለን የመንደሩ ተወላጆች 620 ሺህ ብር አዋጥተናል። ሐሳባችን ግን ለሦስት ተከፍሏል። አንዳንዶቻችን ልብስ፣ ብርድ ልብስና ዱቄት ገዝተን በጭነት መኪና ይዘን እንሂድ እንላለን። ሌሎች ብሩን በእጃቸው እንስጣቸው ይላሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እንደሚባለው ቡሄ እስኪያልፍ ጠብቀን በሙሉ ገንዘቡ ቆርቆሮ ገዝተን ቤቶቹን እዚያው ቦታቸው ላይ እናቁም ባዮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ምን እንደጠቀመና ምን እንደባከነ ሳትደብቁ እንድትነግሩን በትሕትና እንጠይቃለን።

የሐይቅ ነርስ

ወንድሜ፣ ለእናትዎና ለመንደሩ ሰዎች ሁሉ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ እላለሁ። በደቡብ ወሎ በተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት በጤና ባለሙያነት አገልግያለሁና ያየሁትን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ የተሰበሰበ ልብስ ጭናችሁ አትሂዱ። ከየቤቱ የተለቀመ ልብስ መለየት፣ ማጠብና ማከፋፈል ይፈልጋል፤ ያን የሚሠራ ሰው ስለማይኖር ግን ከአንድ ክፍል ጥግ ተከምሮ ዝናብ ሲወርድበት አይቻለሁ። ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ሸራ፣ ጀሪካንና ሳሙና ግን ወዲያው ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው። እህልን በተመለከተ መልሱ ያለው ከገበያው ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነና የሐርቡና የኮምቦልቻ ገበያ እህል ካለው፣ ከአዲስ አበባ ዱቄት አጓጉዞ ከመውሰድ ገንዘቡን መስጠት ይሻላል፤ የመኪናው ኪራይ ብቻ የስንት ቤተሰብ ቀለብ ይሆናል። መጠኑን ለማስላት በአገራችን ለተረጂዎች ሲሰጥ የኖረውን ልክ መነሻ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ይህን በገበያው ዋጋ አባዝታችሁ እንደየቤተሰቡ ቁጥር ስጡ እንጂ በየቤቱ እኩል አታካፍሉ፤ ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤትና ሁለት ሰው ያለበት ቤት እኩል የሚቀበሉበት አሠራር ሲደጋገም አይቻለሁና።

ስለ 29ኙና ስለ 41ዱ የጻፉት ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። የቀሩት 12 ቤተሰቦች እነማን እንደሆኑ ሳላያቸው መገመት እችላለሁ። ሁለተኛ ሚስት ሆና በራሷ ጎጆ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በባሏ ስም ስለምትቆጠር የራሷ ቁጥር የላትም። መሬት ሳይኖረው የእኩል የሚያርስ ሰው በመሬት ግብር መዝገብ ላይ ስለማይገኝ ይዘለላል። ከዘመድ ተጠግታ የምትኖር አሮጊትም እንደዚሁ። ስለዚህ የቀበሌውን ዝርዝር ብቻ አትያዙ። የቅሬውን መዝገብ አምጡና አስተያዩት፣ ከዚያም ስሞቹን ከጁምዓ ሶላት በኋላና ከቅዳሴ በኋላ ጮክ ብላችሁ አስነብቡ፤ የተዘለለውንም ያላግባብ የገባውንም ሕዝቡ ራሱ ይናገራል። ገንዘቡን ስትሰጡ በተለይ ሁለት ሚስት ባለበት ቤት ለእያንዳንዷ እናት በእጇ እንዲደርስ አድርጉ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጎርፉ መጸዳጃ ጉድጓዶችን አጥቦ ከውሃ ጉድጓዶቹ ጋር ቀላቅሏል ብላችሁ ውሰዱ፤ ከረኃቡ ቀድሞ ልጅ የሚገድለው ይህ ነው። በሰብአዊ ርዳታ ሥራ ዝቅተኛ ተብሎ የተያዘው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው ደግሞ አንድ መጸዳጃ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ያለውን በዚህ መዝኑት። የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ግዙ፣ ነገር ግን የደፈረሰ ውሃ ላይ ዝም ብሎ ቢጨመር ጉልበቱ በደለሉ ይባክናል። ውሃው መጀመሪያ አድሮ ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጣራ፣ ከዚያ መድኃኒቱ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለና ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው በውሃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ማከሚያ (ኦ.አር.ኤስ.) ካልተገኘ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ያልተከመሩ፣ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። እያጠጡ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በእናንተ አካባቢ ወባ የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ አጎበሮቹ ደግሞ ከቤቱ ጋር ሄደዋል። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ምትክ እንዲሰጣቸው አሁኑኑ ካላስጠየቃችሁ፣ ሰው ሁሉ ክረምቱ አለፈ ብሎ በተረጋጋበት ሰዓት ሌላ መከራ ይመጣል። ለሴቶቹም የወር አበባ መጠበቂያና የእጅ ባትሪ አትርሱ፤ በሌሊት ወደ መጸዳጃ መውጣት ፈርተው ውሃ መጠጣት ያቆሙ ሴቶችን አክሜያለሁ።

የራያ ቆቦ የግብርና ባለሙያ

እኅቴ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ሁላችሁም ያልነካችሁትን አንድ ነገር ነው፤ እሱም ዘር ነው።

በአደጋ ጊዜ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በዛሬው እህልና በፈረሰው ቤት ላይ ነው። ቤት በኅዳርም ይሠራል፣ በጥርም ይሠራል። ማሳው ግን አይጠብቅም። ማሽላው በደለል ከተቀበረ በዚህ ዓመት መልሶ የሚዘራበት ጊዜ አልፏል፤ እነዚህ ገበሬዎች በያዝነው የነሐሴ ወር ውስጥ ሌላ ነገር ካልዘሩ ቀጣዩ ምርታቸው የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። የቃሉ ቆላ በልጉ እንደ ደጋው የሚያስተማምን አይደለም። ስለዚህ ከ620 ሺህው ብር ቢያንስ ሲሶውን ለዘርና ለበሬ ኪራይ አስቀምጡ እላለሁ።

ምን ይዘራ ለሚለው መጀመሪያ ደለሉን እዩ። በእጅ ሲዳሰስ አሸዋ ከሆነና ከጉልበት በላይ ከተቆለለ ዘንድሮ ምንም አይበቅልበትም፣ ገንዘብ አታባክኑበት። ጭቃማና ልም ደለል ከሆነ ግን ለም አፈር ነው፤ ጎርፉ የደጋውን አፈር ነው አምጥቶ የጣለው። ውሃው ቶሎ በሚጠፋበት ማሳ ላይ ማሾ ጥሩ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፣ የቃሉም ገበሬ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የነሐሴ አጋማሽ ሳያልፍ መሬት መግባት አለበት። እርጥበት ለሚቋጥረው መረሬ መሬት ደግሞ ሽምብራ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በቀረው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ጓያም ይበቅላል፤ ሆኖም በችግር ዓመት ጓያ ብቻ አብዝቶ መብላት እግርን ሽባ እንደሚያደርግ ወሎ በደንብ ያውቃልና ሌላ አማራጭ እያለ እሱን ዘር አድርጋችሁ አትስጡ።

ዘሩን ከገበያ ስትገዙ ለወጥ የቀረበውን እህል ዘር ነው ብለው ሊሸጡላችሁ ይችላሉ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ሳምንት ጠብቁ፤ ከ80 በታች ከበቀለ አትግዙት። አንዲት ሳምንት ትወስዳለች፣ ዓመቱን ግን ታድናለች።

ስለ ከብቶቹ ደግሞ፣ የሞተ በሬ ተገፎ እንዳይበላ ለሽማግሌዎቹ በብርቱ ንገሩልኝ። ጎርፍ መሬቱን ሲገለብጠው አባ ሰንጋ ይነሣል፣ ሥጋውም ቆዳውም ሰውን ይገድላል። በጥልቅ ይቀበር። የተረፉት ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ይከተቡ፤ ረግረግ ላይ የሚግጡት የጉበት ትል መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

እኛ ቆቦ ላይ ከጎርፍ ጋር አብረን ነው የምንኖረው። ዝናቡ ከላስታ ገደል ላይ ይጥላል፣ እኛ ጋ ግን ፀሐይ ነው፤ ሆርማትና ጎሊና በጠራራ ፀሐይ ሞልተው ይመጣሉ። አባቶቻችን ያንን ጎርፍ እየጠለፉ ማሳ ላይ ያሰራጩታል፣ ከእሱም ይበላሉ። ከላይ ያሉት ሰዎች ደመናውን ሲያዩ ለታች ሰዎች ስልክ ይደውላሉ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ከደሴና ከኮምቦልቻ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ፣ ቦርከና ሲያገሣ ለቅሬው ዳኛ የሚደውልበትን ሥርዓት ብታበጁ፣ የእናትዎ ግማሽ ሰዓት ሁለትና ሦስት ሰዓት ይሆን ነበር።

የቦርከና ዳር ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። እኅቴ የሐይቋ፣ ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ደውዬ ስለ 12ቱ ቤተሰቦች ጠይቄያት ነበር፤ ሰባቱ ሁለተኛ ሚስቶች፣ ሦስቱ የእኩል አራሾች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ምዝገባው ሲካሄድ የታመመ ሰው ይዘው ኮምቦልቻ ሆስፒታል ነበሩ። እናቴ ይህንን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም። ቤቶቹ እዚያው ይሠሩ ወይስ ይነሡ? ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ባዶ ነው፤ አንዳንዶች ወደዚያ ይውጡ ይላሉ።

ከጦሳ ሥር

በሙያዬ የግንባታ መሐንዲስ ነኝ፤ የምኖረውም በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በተቀመጠችው ደሴ ነው፣ ስለዚህ ተዳፋት ላይ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ከጎርፍ ሸሽቶ ናዳ ሥር መግባት እንዳይሆን እጅግ ተጠንቀቁ።

በመጀመሪያ ያ የቡሄ አባባል ለዝናቡ እንጂ ለመሬቱ አይሠራም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ እየሳሳ ሊሄድ ይችላል፤ መሬቱ ግን ሁለት ወር ሙሉ የጠጣውን ውሃ እንደተሸከመ ነው፣ የሚከብደውም የሚንሸራተተውም ያኔ ነው። ተዳፋቱን ሄደው የሚያዩ ሰዎች እነዚህን ይፈልጉ፦ መሬቱ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ አለ ወይ? ዛፎቹና አጥሮቹ ወደ ታች አዘንብለዋል ወይ? ከዚህ በፊት ያልነበረ ምንጭ ፈልቋል፣ ወይም የነበረው ደፍርሷል ወይ? አንዱ እንኳ ከታየ እዚያ ሰው አይስፈር፣ ከብትም አይዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙት አልነበሩም፤ ጎረቤታቸውን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋቸው ሊቆፍሩ የተሰበሰቡ፣ ከዚያ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ይህን የምለው ርዳታን ለማስፈራራት አይደለም። የኛ ሰው ጩኸት ሲሰማ ሳያስብ ይሮጣል፣ እኔም እሮጣለሁ። ነገር ግን ናዳ በወረደበት ቦታ አንድ ሰው ከበላይ ቆሞ ተራራውን ብቻ እንዲጠብቅ ማድረግና ሌላው እየተፈራረቀ በጥቂት በጥቂቱ እንዲገባ ማዘዝ ነፍስ ያድናል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት የብዙ ሰው ሕይወት ሲያጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ሌላ ነበር። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ የሆነ የወንዝ አሸዋ ቦታ ይመስላል፣ ሰው ይጠጋዋል። የእናንተም መንደር መጀመሪያ የት እንደነበረ አዛውንቶቹን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አሮጌው መንደር ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ወደ ወንዙ የወረደው ልጆች ጎጆ ሲወጡ መሬት እየጠበበ ነው።

መነሣትን በተመለከተ ገበሬው እምቢ ቢል አትፍረዱበት። የይዞታ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ያ መሬት ነው፤ ከቤቱ ከራቀ ማሳውን ሌላ ሰው ይይዝብኛል ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱም መሠረት አለው። የሚነሡበት ቦታ የወል ግጦሽ ከሆነ ደግሞ ከላይኛው መንደር ጋር ጠብ ይመጣል። ስለዚህ ይህ በአዲስ አበባ ስብሰባ የሚወሰን አይደለም፤ በቀበሌው ጉባኤ፣ አባጋሮቹ (አስታራቂ ሽማግሌዎቹ) ባሉበት፣ የድሮው ማሳ በስማቸው እንደሚቆይ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ መወሰን አለበት። እስከዚያ ከትምህርት ቤቱ ለሚወጡት የፕላስቲክ ሸራና እንጨት ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ሥፍራ አስሉ። ቆርቆሮውን ቢያንስ እስከ ጥቅምት አቆዩት። ሲሠራም የጭቃው ግድግዳ በቀጥታ ከመሬት አይነሣ፤ ጎርፉ ከብዙዎቹ ቤቶች የበላው የታችኛውን እግር ነው። ከግማሽ ሜትር ያላነሰ የድንጋይ መሠረት ይኑረው። ድንጋዩን ቦርከና ራሱ ይሰጣችኋል፣ የሚያስፈልገው ደቦ ነው።

የባቲው አባት

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ባቲ መጠለያ ውስጥ ነበርሁ። ስለ እህሉ አልናገርም፣ ሰምታችሁታል። እኔ የማስታውሰው ዝናቡ ሲመለስ ነው። ወደ ቀያችን ስንገባ መሬቱ አረንጓዴ ነበር፣ ሰማዩም ቸር ነበር፤ እኛ ግን በሬ አልነበረንም፣ ዘሩንም ከዓመት በፊት በልተነዋል። ከጎረቤቴ ጋር አንድ ማሳ በመቆፈሪያ ቆፍረን፣ ከወንድሜ ሚስት ሁለት ጣሳ ማሽላ ተበድሬ ነው የዘራሁት። ያ የቆቦው ልጅ ስለ ዘር የተናገረውን ስሙት። ደግሞም የቅሬው ድንኳንና ድስት ተበላሽቶ ከሆነ እሱንም ተኩላቸው፤ በዚህ ክረምት ለቅሶ ቢመጣ በምን ይቆማሉ?

የቦርከና ዳር ልጅ (ጠያቂ)

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለ ቅሬው ድስት አንዳችንም አላሰብንም ነበር፤ ትናንት ማታ ስንሰበሰብ መጀመሪያ የተወሰነው እሱ ነው።

የተስማማንበት ይህ ነው። ለ41ዱም ቤተሰብ፣ ሁለተኛ ሚስቶቹ በየራሳቸው ተቆጥረው፣ የአንድ ወር ቀለብ በጥሬ ገንዘብ በሁለት የገበያ ቀን ተከፍሎ ይሰጣል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ገበያ ቢወጣ ዋጋው እንዳይንር ነው። ዝርዝሩ አርብና እሑድ ይነበባል። ሳሙና፣ ጀሪካን፣ የውሃ መድኃኒትና የእጅ ባትሪ ከኮምቦልቻ ይገዛል። ለዘርና ለበሬ ኪራይ 210 ሺህ ብር ተለይቷል፤ ለቆርቆሮ የሚቀረው ባንክ ይቆያል፣ የቀበሌው ጉባኤ ሳይወስን አይነካም። አንዱ የአክስቴ ልጅ ደሴ፣ ሌላ ጓደኛችን ኮምቦልቻ ሆነው ወንዙን አይተው ለቅሬው ዳኛ ለመደወል ተስማምተዋል፤ ትናንት ሌሊት ሲዘንብ የመጀመሪያውን ስልክ ደውለዋል።

ማሾውን ከሐርቡ ነጋዴዎች አግኝተናል፣ 100ው ፍሬ አሁን በእናቴ ቤት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጎደለን የሽምብራ ዘር ነው። ከጃማ ወይም ከደላንታ ንጹሕ ዘር ያለው ገበሬ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከቡሄ በፊት እዚሁ ብትጽፉልን መኪና እንልካለን።